ለሁለት እጆች የሚበቃ ፍጥነት

አርብ ንጋት፣ ባሕሪ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አልለየለትም። የመጀመሪያዋ ሀፍላ፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በዚህ ከተማ ሚኒባሷን እንዲህ ነው የምንላት፣ ግማሽ ባዶዋን ድልድዩን ትሻገራለች። ከታች ጥቁር ዓባይ ስስ አቧራ ለብሶ ተኝቷል። ይህ ውሃ ከአገሬ ተነስቶ ከእኔ ቀድሞ እዚህ ደርሷል እያልኩ በሐሳብ ስነጉድ ረዳቱ «ያላ፣ ሒሳብ!» ብሎ ቀሰቀሰኝ።

ሥራዬ የኢንተርኔት መስመሮችን ፍጥነት ማስተካከል ነው። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ቢሆንም ላፕቶፔን ይዤ የወጣሁት ለዘይነባ ስል ነው።

ማለዳ፣ ሪያድ

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ከድልድዩ ወዲህ ሪያድ በሚባለው የከተማችን ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ ቀልቶ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደሴ ያሉት እናቷ መስማት አይችሉም። እናትና ልጅ የሚያወሩት ቤት ውስጥ ራሳቸው በፈጠሩት የእጅ ምልክት ነው፤ ያለ ቪዲዮ ወሬ የለም። ነገ የእናትየው ዓይን ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፣ እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለዋል።

«ዓይኔ በፋሻ ከታሰረ በምን ልሰማችሁ ነው ትላለች» አለችኝ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ውስጥ ገብተን። «ወንድሜ ለምኖ ለምኖ ደከመው። እኔ ካልነገርኳት አትገባም። ባለፈው አርብ ተክሌ ሱቅ ሄጄ ስደውል፣ እጄን ገና ሳነሳ ተቆረጠ። ወላሂ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ልሰብረው ነበር።»

የስልኳ ኔት ቪዲዮ አይችልም። ተስፋዋ ከተማው ዳር ሶባ ያለው፣ ኢንተርኔት የሚያከራየውና ኳስ የሚያሳየው የአገራችን ልጅ የተክሌ ሱቅ ብቻ ነው።

ረፋድ፣ ሶባ

መንገድ ላይ ፉል በላን፤ የሰሊጥ ዘይት የጠገበ፣ አይብ የተነሰነሰበት። ማለቴ እኔ በላሁ፤ እሷ ቀመስ አድርጋ ተወችው።

የሰፈሩ የኢንተርኔት መስመሮች የሚገናኙበት ሳጥን የቆመው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ስከፍተው ግለቱ ፊቴን መታኝ። ማራገቢያዎቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ተርታውን ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ቤት ወሬ ናቸው። እነሱን ሳይ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ እፈዝዛለሁ።

የተክሌ መብራት ግን ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ላፕቶፑን ስሰካ ምክንያቱ ታየኝ። ፍጥነቱ እስከ ጣሪያ ተለቋል፤ ሱቁ ደግሞ ሩቅ ነው፣ ሽቦውም አሮጌ መዳብ ስለሆነ ያን ያህል አይሸከምም። ተክሌ ጋ ደወልኩ።

«ልቀንሰው ነው።»

«እንዴ! ሰው ጨምርልን ይላል፣ አንተ ትቀንሳለህ? ኳስ ተመልካቾቼ ይሸሹኛል!»

«ኳሱ ይንቀራፈፋል፤ እሷ ግን ከእናቷ ጋር አውርታ ትጨርሳለች።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ቀንሰው።»

የሱቁ መስመር የተሰካበትን ፖርት ዘጋሁት። ወደ ሱቁ የሚገባውን ወደ አራት ሜጋ አወረድኩት። ከሱቁ የሚወጣውን ግን ብዙም አልነካሁት፤ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለሚገባው ነው፣ የዘይነባ እጆች የሚጓዙት ግን በሚወጣው ነው። መልሼ ከፈትኩት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጸና።

ቀትር፣ ተክሌ ሱቅ

ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ብቅ አሉ፤ እናቷ ናቸው። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ግን አይቆረጥም። እጆች ይሮጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይቆጣሉ። ሱቁ ውስጥ ድምፅ የለም።

«አጠገቤ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ ትላለች» አለች ዘይነባ ወደ እኔ ሳትዞር። ከዚያ የራሷን ጆሮ ጫፍ ቆንጠጥ አደረገች። በቤታቸው ምልክት የዘይነባ ስም ይህ ነው። ወንድሜ ጆሮሽን ቆንጠጥ ሲያደርግሽ እኔ ደውያለሁ ማለት ነው አለቻቸው በእጇ፤ እንዲህ ተስማሙ።

እናትየው ሊሞክሩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጎን አንድ እጅ መጥቶ ጆሯቸውን ነካ። ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ምስሉ የቆመ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ወደ ሞደሙ ዞርኩ፣ መብራቱ እንደበራ ነው። ስመለስ እናትየው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፈገግ ብለዋል። እኔ እንባዬን ደበቅሁ፤ ተክሌ ግን ለመደበቅም አልሞከረ።

ማምሻ፣ መልስ

ፀሐይዋ አቧራው ውስጥ ቀልታ ትወርዳለች። ዘይነባ ራሷን ሀፍላዋ መስኮት ላይ አስደግፋለች።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?»

«እሺ አለች። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ያንቺን እጅ ነው አለች። ጋሼ፣ እስከዚያ ያቺን ፖርት ማንም እንዳይነካብኝ።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ሪያድ ወረደች።

ባሕሪ ስደርስ ተክሌ ደወለ። ከጀርባው ሰው ይጮኻል።

«ኳሱ ቆም ቆም እያለ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሊገድሉኝ ነው!»

«ታዲያ ልጨምርልህ?»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ? የሴትዮዋ ፋሻ ሳይፈታ!»