በሚካኤል ቀን የታጠበው ማሊያ

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ንፋስ መውጫ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ከእናቴ ጋር እንኖር ነበር። የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው የምተዳደረው። አንድ ሰኞ ጠዋት መምህር አያሌው ማዳበሪያ ተሸክመው መጡና ግቢያችን መሃል ዘረገፉት። መምህር የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ የከተማችንን የእግር ኳስ ቡድን፣ ደጋ ኮከብን፣ የሚያሰለጥኑትም እሳቸው ነበሩ።

«የሺ፣ እነዚህ ማሊያዎች ናቸው» አሉኝ።

«እርስዎ ካሉ ይሁን፤ እኔስ የታረሰ ማሳ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

አስራ አምስት አረንጓዴ ማሊያ ነው። እንደማንኛውም ልብስ ውሃ አፈላሁና ዘፈዘፍኩት። ለካ ቁጥሮቹ በሙጫ የተለጠፉ ኖሯል፤ ትንሽ ቆይቼ ብመለስ ሁሉም ለቀው ሳፋው ላይ እንደ ቅጠል ተንሳፍፈዋል። ደነገጥኩ። መርፌና ክር አወጣሁና አንድ በአንድ መልሼ ሰፋኋቸው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ስድስት ሲገለበጥ ዘጠኝ እንደሚሆን ማን ነግሮኝ።

እሁድ ቡድኑ ሁለት ስድስት ይዞ ሜዳ ገባ፤ ዘጠኝ የለውም። ዳኛው አምበሉን ጠራው። አምበላችን ሙላት ነው፣ አንደበቱ እንደ እግሩ የፈጠነ ልጅ።

«ሁለት ስድስት ይዛችሁ ነው የምትጫወቱት?» አለው።

«ኧረ አይደለም፣ አንዱ ዘጠኝ ነው። ተገልብጦ ነው።»

«እንግዲያው ልጁ በእጁ ቆሞ ይጫወት» አለ ዳኛው።

ተመልካቹ ሲስቅ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህር ግን ከሰው መሃል ጠርተው አወጡኝና ሜዳው ዳር አስቀመጡኝ። ቁጥሩን ፈትቼ እዚያው ሰፋሁት። ስጨርስ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ ጋር ትመጫለሽ። ከተሳሳትሽም እዚሁ ታርሚዋለሽ» አሉኝ። ትጥቅ ያዥ የሆንኩት እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ማዳበሪያውን ቀምቶ ያባርረኝ ነበር፤ መምህርን እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ደጋ ኮከብ ከወረዳ አልፎ ዞን የሚደርስ፣ ከዞን ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ቡድን ነው። ደመወዝተኛ ተጫዋች የለውም። አናጢ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ተማሪ አለ፣ በረኛችን ደግሞ ዲያቆን ነበር። ዲያቆኑ ቅዳሴ ካለበት ጨዋታው ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን እንለምናለን። እሺ ካላሉን ተጠባባቂው በረኛ ይገባና እንሸነፋለን።

ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ቀላል ግን አይደለም። ጭቃ የያዘ ማሊያ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ ሳሙና የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃ ጭራሽ አይነካውም፤ እሱን በራሴ ተምሬያለሁ። ቁጥር ያለበት በኩል አይታሽም፣ በመዳፍ ይጠበጠባል እንጂ። ታኬታ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል፤ ገለባ ተጎስጉሶበት ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው። ኳስ ሲነፋ መርፌው በምራቅ ይርሳል፤ አለዚያ ውስጡን ይበጣዋል። ለሜዳው መስመር ኖራ ሲጠፋ ከየጎረቤቱ አመድ እለምን ነበር።

ፊደል የለየሁትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። የቡድን መሪያችን ጋሽ ደምሴ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከጨዋታ በፊት ለዳኛ የሚሰጠውን የተጫዋቾች ስም ዝርዝር የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። እኔ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሙላት ሰባት ቁጥር መሆኑን አውቃለሁና ሰባት ፊት ለፊት ያለው ጽሑፍ «ሙላት» ነው ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አስራ አምስት ስም ያዝኩ። የቀረውን ፊደል በየዓመቱ ከሚመጡት አዳዲስ ተጫዋቾች ስም ለቀምኩ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ረሱና ሲጨነቁ፣ «እኔ ልጻፈው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ጻፍኩት። አነበቡና፣ «በረኛውን ‹ዲያቆን› ብለሽ ጽፈሽዋል» አሉኝ።

«ታዲያ አይደለም?»

«ነው። ማዕረግ ግን እዚህ አይጻፍም» አሉና ሰርዘው ለዳኛው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን እኔ ነኝ የምጽፈው።

ሴት መሆኔ ያስቸገራቸውም ነበሩ። አርብ ገበያ ልንጫወት ሄደን አንድ ኮሚሽነር፣ ጨዋታውን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ማለት ነው፣ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተቀምጬ አየኝ። «ሴትዮዋ ትነሳ፤ ተመልካች ወደ ኋላ ነው» አለ። ሙላት ታኬታውን እያሰረ፣ «እሷ ከተነሳች የማን ማሊያ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ራቁታችንን ነው የምንገባልዎት» አለው። ያ ቀን የገበያ ቀን ነበርና በአንዱ ጎል በኩል አህዮች ታስረዋል። ኮሚሽነሩ ከእኔ ጋር መከራከሩን ትቶ ባለ አህዮችን ሊለምን ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሥራው ላይ አስር ዓመት ያህል ቆይቼ ነበር። ያን ዓመት የማጣሪያ ውድድሩ እኛው ከተማ ተደረገ። አንደኛ የሚወጣው ወደ ክልል ያልፋል። የእስቴን ልጆች በግማሽ ፍጻሜ አሸነፍናቸው። ጨዋታው የተደረገው በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ልጆቹ ሲወጡ ማን ማን እንደሆነ በድምፃቸው ነው የለየኋቸው። ማሊያው አረንጓዴ መሆኑ ቀርቷል።

ከወገዳ ቡድን ጋር የምናደርገው የፍጻሜ ጨዋታ ከሦስት ቀን በኋላ ነው ተብሎ ነበር። እኔም መሽቷል፣ በዓሉም ገብቷል፣ ከሚካኤል ማግስት አጥበዋለሁ አልኩና እርጥቡን ከነጭቃው ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ያለን ያ አንድ ሙሉ ትጥቅ ብቻ ነበር፤ ሌላው ተቀዳዶ አልቋል።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለንግሥ ነጠላዬን ለብሼ ልወጣ ስል መምህር ከልጆቹ ጋር እየሮጡ መጡ።

«የሺ፣ ጨዋታው ዛሬ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት።»

«ዛሬ ሚካኤል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። የወገዳ ልጆች መንገዱ በዝናብ ሊቆረጥባቸው ነው፤ ዛሬ ተጫውተው ካልሄዱ መመለሻ የላቸውም። አዘጋጆቹ ወስነዋል።»

እኛ ዘንድ በበዓል ቀን ኳስ መጫወት አይከለከልም፤ እንዲያውም ሰው የሚሞላው ያን ቀን ነው። የሚከለከለው ሥራ ነው። አይታረስም፣ አይፈጭም፣ ልብስ አይታጠብም። በዓል የሻረ ሰው ደግሞ ጣጣው ለራሱ ብቻ አይደለም። በረዶ ጥሎ የሰው ሰብል ቢመታ በእሱ ምክንያት ነው ይባላል።

ማዳበሪያውን ፈታሁት። ሽታው ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ሙላት አንዱን አወጣና፣ «ገልብጠን ብንለብሰውስ?» አለ።

«ቁጥር የማይታይበት ማሊያ አላስገባም ብሏል ኮሚሽነሩ። ጠይቄዋለሁ» አሉ መምህር። «ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትጥቅ ያያል። ካልተሟላ ፎርፌ ነው።»

ፎርፌ ሲባል አንድ ጨዋታ መሸነፍ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። በፎርፌ የወጣ ቡድን ሁለት ዓመት አይመዘገብም ነበር። ሁለት ዓመት ያልተጫወተ ቡድን ደግሞ የለም ማለት ነው። አንዱ ባሕር ዳር ለሥራ ይሄዳል፣ አንዱ ያገባል፣ ሜዳውም ከብት ይሰማራበታል። ከእስቴዎች ማሊያ እንዳንበደር እነሱ በሌሊት ተነስተው ሄደዋል።

መምህር ወደ መሬት እያዩ፣ «እኔ እጠቢ ብዬ አላዝሽም። ሳፋውን ብቻ ስጪኝ፤ እኔ አጥበዋለሁ» አሉ።

ሙላት ቀበል አድርጎ፣ «እርስዎማ አያጥቡም። እኛ አስራ አምስት ነን፤ ሁላችንም የየራሳችንን እናጥባለን» አለ።

«እናንተ ካሻችሁት ቁጥሩ አይተርፍም» አልኳቸው። «ደግሞስ ስንት ሰው በዓል ይሽራል? አንድ ይበቃል። ሂዱ፣ ንግሥ ድረሱ።»

ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልኩ። በርሜሉ ውስጥ ውሃ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ አጥቤ አላውቅም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሼ ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ ገመድ ወጠርኩ። ገመዱ የተወጠረበት መንገዱን ፊት ለፊት የሚያይ ነው፤ ፀሐይና ንፋስ የሚያገኘው ሌላ ቦታ የለንም።

ሰው ከንግሥ መመለስ ሲጀምር አስራ አምስቱም ማሊያ እየተውለበለበ ነበር። አንዳንዱ አይቶ ያማትባል። ጎረቤታችን እትዬ አገሬ ከእናቴ ጋር ሆነው መጡና አጥሩ ጋ ቆሙ።

«የሺ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም፣ እትዬ።»

«ጠፍቶሽ ቢሆን ይሻል ነበር። በረዶ ከጣለ ማን እንዳመጣው ጠያቂ የለውም።»

እናቴ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ወደ ቤት ገባች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚሽነሩ ማሊያዎቹን እየነካካ አየ። «እርጥብ ነው» አለ።

«እርጥብ አይከለከልም። ቁጥሩን ያንብቡ» አልኩት።

ከአንድ እስከ አስራ አምስት ጮክ ብሎ አነበበ። ዘጠኙ ዘጠኝ ነበር። «ይግቡ» አለ።

ከእረፍት በኋላ፣ አንድ ለአንድ እንደሆንን፣ ሰማዩ ከጉና በኩል ጠቆረ። ከዚያም በረዶው ወረደ። ሽምብራ የሚያክል ነው፤ የተመልካቹን ጃንጥላ ሲደበድበው ይሰማል። ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። ሰው ሁሉ ሰማዩን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው። ሙላት አጠገቤ መጥቶ ተጠለለና፣ «እትዬ የሺ፣ በደንብ አላለቀለቅሽውም መሰለኝ፤ ሚካኤል ሊደግመው ነው» አለኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ብዙ አልቆየም። ገብሱም ያን ጊዜ ገና ብቅ ያለ ነበርና የተጎዳ ማሳ አልነበረም። እኔን ግን አመቱን ሙሉ «በረዶ» ሲሉኝ ከረሙ፤ አሁንም የሚሉኝ አሉ።

ጨዋታውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ወገዳዎች አለፉ፤ መኪናቸው ላይ እየጨፈሩ ሲሄዱ እኛም አጨበጨብንላቸው። የእኛ ልጆች ማሊያቸውን እያወለቁ ወደ ማዳበሪያው ሲጥሉ እያንዳንዳቸው እጄን ነኩኝ። በመስከረም ደጋ ኮከብ እንደማንኛውም ቡድን ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አልፎ ሁለት ጊዜ ወርዷል፤ አሁንም አለ።

አምና ሥራውን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። መምህር ያን ቀን ባያስቀምጡኝ ኖሮ ፊደልም አልለይ፣ ስማዳንም እስቴንም አላይ፣ እትዬ የሚለኝም አይኖር። ያገኘሁት ከሰጠሁት ይበልጣል። ለተካኝ ሰው የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ ማሊያ የሚታጠበው በተጫወቱበት ቀን ነው። ነገ ይደርሳል ብሎ ማሳደር አይገባም።

ያኔ፣ ከዚያ ከሚካኤል በዓል በኋላ፣ አምስት ቀን ፈርቼ ቆየሁ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ኪዳኔ ሄድኩ።

«አባ፣ በዓል ሽሬያለሁ።»

«አውቃለሁ። በገመዱ ሥር ነው ያለፍኩት» አሉኝ።

«ቀኖና ይስጡኝ።»

«ሰጥቻለሁ። በቀን አርባ ስግደት፣ ሰባት ቀን።»

«ለማን?»

«ለእናትሽ። በማግስቱ መጥታ ‹ከቤቴ የወጣ ጥፋት ነው፤ እኔ ልስገድ› አለችኝ። ‹ጥፋቱ የልጅሽ ነው› ብዬ መክሬያት ነበር። አልሰማችኝም።»

እናቴ ያኔ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷን ያማት ነበር። ሰባቱንም ቀን ሰግዳ ጨረሰች። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም።