ለትልቁ ፎቶግራፍ እጅ የነሣሁ ዕለት

ወገቤ ከዓይኔ ይቀድማል። ዛሬ አልታጠፍ ሲል ሪህ ይዞት ነው እላለሁ እንጂ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት እንደ ደጋን እጥፍ ዘርጋ የሚል ወገብ ነበረኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሥራዬ ግማሹ መጻፍ፣ ግማሹ እጅ መንሣት። አንድ ጊዜማ አለቃዬ በሌሉበት ወንበራቸው ላይ ለተሰቀለው ካፖርት እጅ ነሥቼ ወጥቻለሁ። ካፖርቱም በክብር ዝም አለኝ።

ታዲያ ያኔ አንዲት ልጅ ወደድኩ። አባቷ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚኖሩ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ጎባጣ ናቸው። በጠላት ዘመን ለጣሊያን ሹም አልጎነበስም ብለው፣ ወገባቸውን በሰደፍ ተመትተው ነው የጎበጡት። ለጋብቻ ሽማግሌ ብልክባቸው፣ "መጀመሪያ ልጁን ራሱን ልየው። እሑድ ኤግዚቢሽኑ ጋ ይምጣ" አሉ።

ኤግዚቢሽኑ የካ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። መምህራኑ ከተማችን በፋሺስት ዘመን ምን እንደ መሰለች እናሳይ ብለው፣ አዳራሹን ለጥቂት ቀን ቤተ መዘክር አድርገውታል። ሰንሰለት፣ ከተቃጠለ ቤት የተረፈ ጉልላት፣ አደባባይ ላይ የተሰቀሉ ሰዎች ፎቶግራፍ። በሩ ላይ የቆመው መምህር ለገባው ሁሉ፣ "አንድ ሰው ብቻውን ሲያዝዝ፣ ሌላው ሁሉ እሺ ሲል፣ ከተማ እንዲህ ይሆናል" ይላል። ከዚያ ግራ ቀኙን ያይና፣ "በጠላት ዘመን ማለቴ ነው" ብሎ ይጨምራል።

ሱፌን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ከልጅቷ አባት ኋላ ገባሁ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በዚያ ዘመን ባዳራሽ ፊት ለፊት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶግራፍ የጃንሆይ ነው፤ ይህን የሚያጣው ማን ነው? ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ከወገቤ እጥፍ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ቀና ስል፣ ከፎቶግራፉ ውስጥ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ አገጩን ሰቅሎ ቁልቁል ያየኛል። የፋሺስቶቹ መሪ!

"የኔ ጌታ፣" አለች አንዲት ሴትዮ፣ "ሰዎቹ እኮ ከሄዱ ቆዩ! ለባንዳነት ዘገየህ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጎብጠው እንደ ገቡ ጎብጠው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ወደ ቤታቸው የሚወስደው ዳገት እኩሌታ ላይ ድንገት ቆሙ።

"ለምን ጎነበስክ?"

"ጫማዬን ላስር ብዬ ነው፣ አባባ።"

ቁልቁል ጫማዬን አዩት። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አላየሁም" አልኩ በመጨረሻ። "ፎቶግራፍ ትልቅ ከሆነ ማን እንደ ሆነ አላይም። ዝም ብዬ ነው የምጎነበሰው።"

"ጣሊያኑም የፈለገው ይህንኑ ነበር" አሉ።

ልጅቷ እንዳመለጠችኝ ቆጠርኩት። ጥቂት ተራምደው ግን ሳይዞሩ፣ "በጫማው ውሸት ብትጸና ኖሮ ከዚሁ እመልስህ ነበር። በል፣ ሽማግሌዎችህ ይምጡ" አሉኝ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ቀና ብዬ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ደህና አድርጌ አየሁት። ጃንሆይ ናቸው። ታዲያ ሳያቸው በመቆየቴ የተቀየሙኝ መሰለኝና፣ ከወትሮው ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም።

የሠርጋችን ዕለት ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ፣ ከዘራቸውን አገጬ ሥር አግብተው ቀና አደረጉኝ።

"ማን ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"አየኸኝ?"

"አየሁዎት።"

"እንግዲያስ ሳም።"

ሳምኩ። ላብ አጠመቀኝ። ሚዜዎቼ የሙሽራ ላብ መስሏቸው መሐረብ አቀበሉኝ። የዚያ የሰኞው እጅ መንሣት ላብ ነበር።