ከአፋፉ በታች አራተኛው ኩርባ

ኢንሶን በዚያ የተራራ መንገድ ላይ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከፓይ ከተማ ተነስቶ፣ አፋፉን ወጥቶ፣ ወደ መንደሩ ወደ ሁዋይ ሂን እስኪወርድ ድረስ የትኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደሚቀየር፣ የትኛው ላይ ጎሽ ተኝቶ እንደሚጠብቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚጭነው በብዛት እንግዳ ነው፤ በዓል ለማየት፣ የሴቶቹን ሽመና ለመግዛት፣ ከእንጨት የተሠራውን የድሮ ቤተ መቅደስ ለመሳለም ከባንኮክ የሚመጣ። ድሮ ወሬ ያወራላቸው ነበር። እርጉዝ ሴት በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ከተመላለሰች መንታ ትወልዳለች እያለ ያስቃቸው ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ከክላክሱ በቀር ድምፁ አይሰማም፤ አፋፉ ላይ ካለችው የተራራው መንፈስ ጎጆ ፊት ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ በቃ።

ባለፈው ክረምት፣ በዝናብ፣ ባዶውን ሲወርድ መጀመሪያ ያየው የወደቀውን ሞተር ሳይክል አልነበረም፤ መንገዱ ላይ የተበተነውን ጥቅል ጎመን ነበር። የማን ጎመን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። በሞተር ሳይክል ጎመን የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድሙ ካምሙን ከአፋፉ ቀጥሎ ባለው ኩርባ ተንሸራቶ ገደሉ አፍ ላይ ወድቋል። ሰው አልነበረም። ብቻውን ጎትቶ አወጣው፤ ብቻውን ጭኖት ወረደ። መንደር ሲደርስ ካምሙን ሞቷል።

እናቱ ቡዋኬው ከቤቱ ደረጃ ሥር ቆማ ጠበቀችው።

"ተሰቃይቷል?" አለችው።

"የለም እማ። እዚያው ኩርባው ላይ ነው ያለፈው። እኔ ሳልደርስ።"

ይህን ያለው ሊያሳርፋት ነበር።

እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የሞተ ሰው ነፍሱ የምትቀረው ትንፋሹ በወጣበት ቦታ ነው። እዚያው ቀይ ሰንደቅ ይተከልለታል፤ አሸዋ ይቆለልለታል፤ ከዚያ ቤተሰቡ እየመራ ወደ ቤት ያመጣዋል። ግራ ሲታጠፍ ግራ ታጠፍን፣ ድልድይ ሲሻገር ተሻገርን እየተባለ ጮክ ተብሎ ይነገረዋል። ካልተነገረው መንገዱ ይጠፋዋል። ካምሙንም ይህ ሁሉ አልቀረበትም። የተደረገለት ግን ጎመኑ በተበተነበት ቦታ ነበር። ኢንሶን ያሳያቸው እሱን ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ቡዋኬው ሕልም ማየት ጀመረች። ካምሙን እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ፣ "እማ፣ የት ነው ያለሁት?" ይላታል። ሥርዓቱን የመሩት ሽማግሌ ናን ፔት ሰንደቁን ሁለተኛ ተከሉ። ሦስተኛ ጊዜ ስትለምናቸው እምቢ አሉ።

"ከዚያ የሚነሳ ሰው የለም፤ ባዶ ቤት ነው የምናንኳኳው።" ሰው ሁሉ ባለበት ወደ ኢንሶን ዞሩ። "ቦታው እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ አባባ" አላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልዋጥለት አለ።

ቡዋኬው ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በየወሩ ሩዝና የተጠበሰ ቃሪያ ድቁስ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ከልጇ ጋር ትወጣለች፤ አብራው ፓይ ደርሳ፣ እንግዳ ጭኖ ሲመለስ ሰንደቁ ሥር አስቀምጣ አብራው ትወርዳለች። መጋቢት ላይም እንዲሁ ሆነ። እርሻው ሁሉ ስለተቃጠለ ጢሱ ተራራውን ውጦታል። መንደሩ ውስጥ ልጆች እንደ ልዑል ለብሰው በሰው ትከሻ እየተዞሩ የሚመነኩሱበት በዓል ነው፤ እሱን ለማየት ሁለት እህትማማቾች ከባንኮክ መጥተዋል። ታላቅየዋ ራምፓይ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ታናሿ ኦራፒን ትባላለች። ቡዋኬው ገቢና ነበረች።

"ሁለት ሳህን ሾርባ አትጠጪ ብዬሽ ነበር" አለች ኦራፒን፣ እህቷ ገና ከከተማው ሳይወጡ ሲያጥወለውላት።

"የሚያጥወለውለኝ ሾርባው መሰለሽ? ያንቺ ሽቶ ነው።"

ቡዋኬው ከፊት ዞር ብላ በቅጠል የተቋጠረ ነገር ዘረጋች። "የሻይ ቅጠል ነው፣ እኔው ነኝ ያብላላሁት። ጉንጭዎ ውስጥ ይያዙት፤ ሆድ ያረጋል።"

ራምፓይ ቀምሳ ፊቷ ተጨማደደ። "ይሄ ሻይ ነው ወይስ ቅጣት?"

"አርባ ዓመት ስትቀጪ ኖረሽ፣ አንድ ቀን ቢደርስብሽ ምናለበት!" አለች እህቷ።

ቡዋኬው ሳቀች። ኢንሶን እናቱ ስትስቅ ከሰማ ቆይቶ ነበር።

ሰንደቁ ጋ ቆሙ። ጨርቁ ፀሐይ መትቶት ቀይነቱ ለቋል። ቡዋኬው ሩዙን አስቀመጠች፣ ዝቅ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፣ ተመልሳ ገባች። ቁልቁለቱ ተጀመረ።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ራምፓይ ጭንቅላቷን ከመስኮቱ አስደግፋ፣ "ልጄ፣ የት ደረስን?" አለች።

"ደርሰናል መምህርት።"

ሦስተኛው ላይ፣ "አሁንስ የት ደረስን?"

"ደርሰናል።"

አራተኛው ኩርባ ላይ የተጣመመ የብረት አጥርና ግንዱ ነጭ ቀለም የተቀባ ዛፍ አለ። ኢንሶን ያንን ዛፍ በቀን ሁለት ጊዜ ሳያየው ለማለፍ ስምንት ወር ሙሉ ደክሟል።

"ኧረ የት ደረስን? ንገረኝ እንጂ!"

"ዝም! ደርሰናል አልኩ እኮ!"

ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይጮኽም፤ ያውም እንግዳ። ኦራፒን "ምን ማለትህ ነው?" ልትል አፏን ስትከፍት እህቷ ጭኗን ያዝ አደረገቻት። ቡዋኬው ወደ ልጇ ዞረች።

"አቁመው" አለችው።

ዳር ይዞ አቆመ።

"ማን ላይ ነው የጮህከው?"

ሞተሩን አጠፋ።

"ኢንሶን፣ ማን ላይ ነው?"

"እሱ ላይ።" ዛፉን አላየውም፤ ጉልበቱን ነው ያየው። "ከላይ ስነሳ ሕይወቱ ነበረች፣ እማ። ኋላ ነበር ያስተኛሁት። 'አያ፣ የት ደረስን?' ይለኛል። ደርሰናል እለዋለሁ። ዝናቡ መንገዱን ጋርዶብኛል፣ ጎማው አልያዝ ብሎኛል። አሁንም 'አያ፣ የት ደረስን?' ይለኛል። እዚህ ጋ ስደርስ ዝም በል ብዬ ጮህኩበት። ዝም አለ።"

ቡዋኬው አላለቀሰችም።

"ስምንት ወር ሙሉ ለድንጋይ ሩዝ ሳቀርብ ኖርኩ" አለች።

"እማ..."

"ያስተኛኸው ራሱን በየት በኩል አድርገህ ነበር?"

"በዚህ። በዛፉ በኩል።"

ወረደች። ዛፉን በመዳፏ ነካችው። "ነገ ናን ፔት መጥተው ይተክላሉ" አለች ወደ ማንም ሳታይ። "ዛሬ ግን ጥዬው አልሄድም።" ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ልጅ ለራት እንደሚጠራ፣ "ካምሙን! እናትህ ነኝ። ተነስ፣ እንሂድ" አለች።

ስትመለስ ገቢና አልገባችም። የኋላውን በር ከፈተች። ራምፓይ ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተጠጋችላት፤ "ነይ እህቴ፣ ግቢ።"

"እሱ ከፊት ይቀመጥ" አለች ቡዋኬው። "መንገዱን ይይ።"

ኢንሶን ዞሮ የገቢናውን በር ከፈተ። ሰው እስኪገባ ያህል ቆየ። ቀስ ብሎ ዘጋው። ሞተሩን አስነስቶ አምስተኛው ኩርባ አፍ ላይ ሲደርስ ከኋላ የእናቱ ድምፅ መጣ።

"ንገረው።"

"ካምሙን፣ ቀኝ..."

"ጮክ በል! ያኔ ድምፅህ አልጠፋህም።"

"ካምሙን! ቀኝ እየታጠፍን ነው!"

ስድስተኛው ላይ ግራ። ሰባተኛው ላይ ግራ። ስምንተኛው ላይ የጎሽ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ያንንም ነገረው። ከኋላ የት ደረስን የሚል አልነበረም። ዘጠነኛውን ታጥፈው ድልድዩ ሲታይ የበዓሉ ከበሮ ተሰማ።

"ድልድዩ ነው ካምሙን። እየተሻገርን ነው። ቤት ደርሰናል።"

ቤቱ ደረጃ ሥር ቡዋኬው ገቢናውን ራሷ ከፈተች። ከፊት ከፊት እየሄደች፣ በየእርከኑ እየቆመች፣ ወደ ላይ ወጣች። ኢንሶንን ዞር ብላ አላየችውም። እሱም እንግዶቹን ሊያደርስ ሄደ።

ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን አድሮ በማግስቱ ጠዋት ምድጃው አጠገብ አገኛት። ሩዙ በእንፋሎት እየበሰለ ነበር። ለመጠየቅ አፈረ፤ ግን ቆሞ ቀረ።

"ናን ፔት ቀዩን ጨርቅ ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁሃል" አለችው። "የትኛው ዛፍ እንደሆነ አንተው አሳያቸው።"

"እሺ እማ። ትናንት ሌሊት በሕልምሽ... አየሽው?"

የሩዙን ክዳን ከፍታ አየች፣ መልሳ ከደነችው።

"አላየሁትም" አለች። "እኔም አልተኛሁም።"