የዘይማርታ ገና

ባለፈው ታኅሣሥ ለልጅ ልጄ የገና ዛፍ ልገዛ መርካቶ ወርጄ ነበር። የፕላስቲክ ጥድ የሚሸጠው ጎረምሳ ዛፉን አጣጥፎ ካርቶን ውስጥ ከከተተልኝ በኋላ ቀና አለና «እትዬ፣ በረዶ ልጨምርልዎት?» አለኝ። በረዶ ያለው በላስቲክ የታሸገ ጥጥ ነው። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ላባቸው በግንባራቸው የሚወርድ ተሸካሚዎች በአጠገባችን እየተጋፉ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ቆሜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጨምርልኝ ብዬው አንዱን ላስቲክ ከፈት አድርጌ ሳሸተው፣ ያ ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል የጥጥ ሽታ ዘመኑን ሁሉ ዘሎ ሸማ ተራ፣ የእናቴ ሱቅ ጓሮ አደረሰኝ፤ እኔና ዘይነባ አገር ወደ ሠራንበት።

እናቴ ነጠላና ጋቢ ትሸጥ ነበር። ሱቋ ከፊት ሲያዩት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ ከጀርባው ግን ጥጥና ድርና ማግ የሚቀመጥበት ጨለም ያለ መጋዘን ነበረው፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከረጢቶቹ አናት ላይ ወጥተን፣ ለራት እስክንጠራ ድረስ ማንም ሳያየን የምንቆይበት። ዘይነባ በዚያ ዓመት ከስልጤ አገር መጥታ እኛው ግቢ፣ አክስቷ ቤት የገባች ልጅ ናት። አማርኛ ታውቃለች፤ የአማርኛዋ ዜማ ግን ሌላ ነበር፤ እኛ የምንረግጠውን ቃል እሷ ታነሳዋለች፣ እኛ የምናነሳውን እሷ ትረግጠዋለች። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያነበበች ቀን፣ የጃንጥላ አከፋፋዩ የጋሽ ከድር ልጅ ሙባረክ ከኋላ ወንበር ሆኖ እያንዳንዱን ቃል በእሷ ዜማ እየደገመ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ሙባረክ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰው ሲስቅለት እንጀራ ያገኘ የሚመስለው ልጅ ነበር። ዘይነባ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ አፏን ዘጋች። አስተማሪ ሲጠራት ትነሳለች፣ ጫማዋን ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ጥጡ ላይ ስንወጣ ግን የሚያስቆማት አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ እኔ ላይ ታፈሰው ነበር።

ገና ሲቃረብ ቲቸር አልማዝ የዓለም አገሮች ገናንና ሌሎች የብርድ ወራት በዓሎቻቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ ጥንድ ጥንድ ሆነን ወላጅ ፊት እንድናቀርብ አዘዙን። ልጆቹ እጃቸውን እያወጡ እንግሊዝን፣ ጣልያንን፣ ግብፅን እንደ ርካሽ ሸቀጥ ተሻሙባቸው፤ ሙባረክ ራሺያን ወሰደ። እኔና ዘይነባ በሹክሹክታ ስንመካከር ዓለም አለቀች። ቲቸር አልማዝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩንና «ለእናንተ የቀረ አገር የለም፤ እንግዲህ ፈልጋችሁ አምጡ» አሉን።

እኛም ፈልገን አመጣን። የእሷን ስም ከኔ ስም፣ ከማርታ ጋር ገጥመን «ዘይማርታ» አልናት፤ ስሟ ራሱ ባሕር አቋርጦ የመጣ ይመስል ነበር። ዘይማርታ ውስጥ በረዶ የሚጥለው ተራራው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የቆላው ሰው ለገና በረዶ በኪሎ ይገዛል፤ የሚያጭበረብር ነጋዴ ጨው ይቀላቅልበታል። በበዓሉ ዋዜማ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ይለዋወጣል፤ ቲማቲም ሻጯ ወርቅ ቤት ትገባለች፣ ወርቅ ሻጩ ቲማቲም ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋ ቀንሱልኝ ያለ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ይዘፍናል። ገና ጨዋታ ላይ ኳሷን መጀመሪያ የምትመታው ንግሥቲቱ ናት፤ ይህን ሕግ ያወጣነው ግቢያችን ውስጥ ወንዶቹ በትራቸውን አላስነካ ስላሉን ነው። ምግባቸው ቆጮ ነው፤ ዘይነባ ከአገሯ የናፈቃት እሱ ነበርና። ከዘይማርታ ጎረቤት አገሮች በአንደኛው ደግሞ በዓሉ የመጨረሻው እንግዳ ልሂድ እስኪል ድረስ ስለማይዘጋ፣ አንድ ልሂድ የማይል እንግዳ ገብቶባቸው ስንት ዓመት ሙሉ ገና ላይ ናቸው። ሌላኛው አገር ከነጭራሹ በዓል የለውም፤ ሕዝቡ በዚያን ቀን በርጩማ በርጩማውን ይዞ ወደ ዘይማርታ ይሻገራል፤ የድንበር ጠባቂዎቹም ሥራ እንግዶቹን ቦታ ማስያዝ ነው።

አቀራረቡን እንዲህ ተስማማን። ዘይነባ በእናቴ ጥለት ነጠላ ተከናንባ ንግሥት ሆና ዝም ብላ ትቆማለች፤ እኔ የንግሥቲቱ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ በቃሌ ያጠናሁትን እወርደዋለሁ። እንደማትናገር ቃል ገባሁላት። እሷም በዚህ ቃል ተማምና ነው እንጂ የዚያን ቀን ሆዴን አመመኝ ብላ ልትቀር ነበር።

የትምህርት ቤታችን ግቢ በወላጅ ተሞልቶ ነበር። ሱቃቸውን ለረዳት ትተው የመጡ ነጋዴዎች፣ ከራጉኤል ቅዳሴ ወጥተው በዚያው ያለፉ እናቶች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ከድርም ከፊት ተቀምጠዋል፤ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ እንኳን ልጃቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በጥንቃቄ የሚያናግራቸው ሰው ናቸው። ሙባረክ የጥጥ ጢም ለጥፎ ራሺያን አቀረበና ተጨበጨበለት፤ ጢሙን ሳያወልቅ ወርዶ አባቱ አጠገብ ቆመ። ተራው የኛ ሆነ።

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ንግሥቲቱ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ» ስል፣ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ዘይነባ እየተናገረች ነው። በአማርኛ አልነበረም። አንድም ቃል ያልገባኝ፣ የሚፈስ፣ የሚነሳና የሚወድቅ ንግግር ነበር፤ ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየች ትናገራለች። ምን ላድርግ፤ አስተርጓሚ ነኝ ብያለሁ፤ እሷ ቆም ባለች ቁጥር ያጠናሁትን ቀጠልኩ። «ንግሥቲቱ በረዶ በኪሎ ይሸጣል ይላሉ።» ከወንበሮቹ መሐል ሳቅ ተሰማ። እሷ ደግሞ ረዘም አድርጋ ተናገረች። «ንግሥቲቱ ቆጮ ይበላል ይላሉ።» አሁን የሚስቁት ሰዎች በዙ፤ አንዳንዶቹ ግን እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኛ ልጆቹ ምን እንደሚያስቅም ምን እንደሚያስለቅስም አልገባንም።

ያኔ ጋሽ ከድር ተነሱ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «አስተርጓሚዋ ተሳስታለች።»

ቲቸር አልማዝ ግራ ገብቷቸው «እርስዎ የዘይማርታን ቋንቋ ያውቃሉ እንዴ?» አሏቸው።

«የተወለድኩበት ነው» አሉ ጋሽ ከድር።

ወደ ዘይነባ ዞረው በዚያው ቋንቋ፣ በስልጥኛ፣ አንድ ነገር ጠየቋት፤ መለሰችላቸው፤ እንደገና ጠየቋት፤ ሳቀች፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና እሷ ያለችውን ቀስ ብለው በአማርኛ ነገሩን። በኔ አገር፣ ብላለች፣ በበዓል ቀን ሰው ሁሉ እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ይናገራል። የሚስቅበት የለም። ያልገባው ካለ አጠገቡ የተቀመጠው ይነግረዋል። ስለዚህ በዚያን ቀን ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም።

ሙባረክን አየሁት። የጥጥ ጢሙ በአንድ ወገን ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ አባቱን ቀና ብሎ የሚያየው የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ያ ቋንቋ ተነግሮ አያውቅም፤ ጋሽ ከድር ልጆቻቸው ከተሜ ሆነው እንዲያድጉ ብለው በር ላይ ጥለውት ይገቡ እንደነበር በኋላ ራሳቸው ነግረውናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘም። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነስታ በጉራጊኛ መልካም በዓል አለች፣ ጎረቤቷም ተረጎመችላት። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ መረቁን። የቅመማ ቅመም ነጋዴው በሐረሪ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በትግርኛ ተናገሩ፤ እያንዳንዱ ሲጨርስ አጠገቡ ያለው «እንዲህ ነው ያለው» እያለ ለቀሪው ያቀብላል። የግሪክን ገና ለማቅረብ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ተረሱ። ዘይነባ መድረኩ ላይ በእናቴ ነጠላ እንደተከናነበች፣ ለሚናገረው ሁሉ አንገቷን ዝቅ እያደረገች ንግሥት ሆና እንግዶቿን ተቀበለች፤ ጭብጨባው ሲመጣ ከአውቶቡስ ተራ ጥሩንባ በላይ ነበር። ቲቸር አልማዝ «ካርታ ላይ የሌለ አገር አመጣችሁ ብዬ ማርክ ልቀንስባችሁ ነበር» አሉና ሁለታችንንም አቀፉን።

በማግሥቱ ዘይነባ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አነበበች። ዜማዋ ያው ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ሙባረክ በእረፍት ሰዓት ወደ ኛ መጥቶ፣ እያፈረ፣ «አባት» በናንተ ቋንቋ ምንድነው ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ሲደግመው አጣመመው። እሷም እስኪያቀናው ድረስ አስደገመችው።

ዛሬ ዘይነባ መርካቶ ውስጥ የታወቀች ጅምላ ነጋዴ ናት፤ ስትከራከር ድምፅዋ ከማዶው ሕንፃ ይሰማል፤ ዜማዋንም ለማንም ብላ አልቀየረችም። ትምህርት ቤቱ ፈርሶ ቦታው ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። ቲቸር አልማዝም፣ ጋሽ ከድርም የሉም። ጋሽ ከድር ሲቀበሩ ሙባረክ ከገጠር የመጡትን ዘመዶች እየተንተባተበም ቢሆን በቋንቋቸው ነበር የተቀበላቸው።

እናቴም የዚያን ቀን እዚያ ነበረች። ሁሉም ተናግሮ ሊያበቃ ሲል፣ ያቺ ገበያተኛ ካልጠየቃት በቀር የማትናገር ሴት ከወንበሯ ተነስታ በአባቷ አገር ቋንቋ፣ በጋሞኛ፣ አንድ ነገር አለች። አጭር ነበር። አጠገቧ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ማንም አልተረጎመላትም፤ እሷም ፈገግ ብላ ተቀመጠች። እኔ በድላችን ሰክሬ ስለነበር ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ስል ዓመታት አለፉ፤ አሁን የምጠይቃት የለችም። የቀረኝ ድምፅዋ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከማውቀው ድምፅዋ የጎላ፣ የወጣት ሴት የሚመስል፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ።