ሰፊ ቅምቅማት

በቴሌቪዥን ጣቢያው የአልባሳት ክፍል «ወይዘሮ መርፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የመብራት ሠራተኛው ነው፤ አንድ ቀን ሸሚዙን ሳያወልቅ ቁልፍ ስትተክልለት ወጋችውና፣ ከዚያ ወዲህ ባያት ቁጥር ሆዱን ይዞ ይሸሻል። ለወንጀል ድራማው የገዳዩንም የሟቹንም ልብስ የምትሰፋ እሷ ናት። የሚወጋ ሰው ካለ አንዱን ሸሚዝ በብዛት ደጋግማ ትሰፋለች፤ የደሙ ቀለም አንዴ ከፈሰሰበት መቼ ይለቅና።

የሰሞኑ ታሪክ ስለ አንዲት እናት ነበር። ሴትየዋ ልጇን ጎረቤት ዘንድ ትታ ትጠፋለች፤ ተጠልፋ ይሁን ወዳ ሄዳ አይታወቅም። ወይዘሮ መርፌ ለልጅቷ ቀሚስ ሰፍታ ሰጠች። አዘጋጁ ጫፉን ገልብጦ አየና፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው ቅምቅማቱ እንዲህ የሰፋው ጨርቅ ተርፎሽ ነው ወይ አላት።

«ልጅ ታድጋለች። እናቷ በሌለችበት አዲስ የሚገዛላት ካልተገኘ፣ እየተፈታ ይለበሳል» አለችው፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አዘጋጁ ወዲያው ደራሲው ዘንድ ደወለ። በማግስቱ አዲስ ትዕይንት ተጻፈ። መርማሪው ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጫፉን በጣቱ እየለካ፣ «ይቺ ሴት አልተጠለፈችም። ቶሎ እንደማትመለስ ስትሰፋው ታውቅ ነበር» ይላል። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም አመሰገናት። እሷ ግን በእጇ ይዛው የነበረውን መርፌ የት እንዳኖረችው ጠፋባት።

ያንን የመሰለ ቀሚስ ከዚህ በፊት ለገዛ ልጇም ሰፍታለች። ያኔ ልጇን እህቷ ዘንድ ትታ ሩቅ ከተማ ወዳለ ልብስ ፋብሪካ ስትሄድ፣ ቶሎ እመጣለሁ ብላት ነበር። አፏ ቶሎ አለ፤ እጇ አስፍቶ ቀመቀመ። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ልጅቷ በር ላይ ቆማ፣ «እማ፣ እንግዳ መጥቷል» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። እማ ያለችው አክስቷን ነው። ዛሬ ራሷ ወልዳም እናቷን አንቱ ትላለች። ሰው እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ይላል፤ እናትየዋ አንገቷን ትደፋለች።

ልጇ ድራማው እንዲያመልጣት አትፈልግም፤ የልጅ ልጇም መጨረሻ ላይ የአያቷን ስም ማንበብ ትወዳለች። የቀሚሱ ክፍል በሚተላለፍበት ቀን ሁለቱ ሲመጡ፣ ወይዘሮ መርፌ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል አለቻቸው። ትንሿ ከኋላው ተንበርክካ አየች።

«አያቴ፣ ተነቅሎ እኮ ነው» ብላ ሰካችው።

መርማሪው ቀሚሱን ዘረጋ፤ የሚለውን አለ። ወይዘሮ መርፌ ወደ ወለሉ አቀርቅራ ቀረች። ማስታወቂያ ሲገባ ልጇ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ተናገረች።

«የኔ ቀሚስ መጀመሪያ ሲፈታ መቀሱን ለእማ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ተፈቶም ገና ብዙ ጨርቅ ነበረው። ከዚያ በኋላ እርስዎን በር ላይ መጠበቅ ተውኩ።»

ይህን ብላ ልጇ ከቦርሳዋ የትንሿን አዲስ የትምህርት ቤት ቀሚስ አወጣች፤ ረዝሟት ነበርና እናቷ እንድታሳጥርላት ነው ይዛው የመጣችው። ወይዘሮ መርፌ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች። እጇ እንደ ልማዱ አስፍቶ አጠፈው።

«ጠባብ ያድርጉት» አለቻት ልጇ። «ሲያጥራት እኔ አለሁ።»

ስፒሎቹን ነቅላ አጠበበችው። አሁን ትርፉ ጨርቅ መቆረጥ ነበረበት። መቀሱን አነሳች፤ እጇ እምቢ አላት። ልጇ ተቀብላት ራሷ ቆረጠችው።

ወይዘሮ መርፌ ከወለሉ ላይ ቁራጩን አንስታ አጣጠፈችው፤ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።