ዝናር ሙሉ ቆሎ

ሥራ የገባሁበት ቀን ዝናባማ ነበር። መጋዘኑ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ዝንጅብል ይከማችበታል። ባለቤቱ አቶ ሀብቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዝንጅብል እየሰበሩ ያሸታሉ። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ወላይትኛን ከኔ እኩል የሚናገሩ ነጋዴ ናቸው። ሰላምታዬን ከተቀበሉ በኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ያ ነው መሣሪያህ። ከዳና ጋር ትፈራረቁበታላችሁ» አሉኝ።

ገጠር፣ ቦምቤ ሳለሁ ሚሊሻ ነበርኩና መሣሪያ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገውን አውቃለሁ። አውርጄ ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ ነው።

«ጥይቱስ?»

«ጥይት የለውም።»

«ሊገዛ ነው?»

«አይገዛም። ስማ ማርቆስ፣ ሌባ ቢመጣ የሚወስደው ዝንጅብል ነው። ዝንጅብል ለከርሞም ይበቅላል። ጥይት ከሰጠሁህ ግን ሰው ትገድልብኛለህ።»

«ታዲያ ባዶው ምን ይሠራልናል?»

«ጠመንጃው ይታያል፣ ጥይቱ አይታይም። ሌባው ምን ያውቃል?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን የምናውቀው እኔ፣ አንተና ዳና ብቻ ነን። ከሦስታችን የወጣ ቀን እናንተንም የሚፈራ የለም።»

ጋሽ ዳና ከኔ በፊት ለብዙ ዓመታት እዚያ የኖረ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርቱ ከሱ የሰፋ ሰው ነበር። ወገቡ ላይ ሁልጊዜ ዝናር ይታጠቃል፤ የዝናሩ ኪሶች በሙሉ ጢም ብለዋል። ጥይት የለም ተብዬ ይህን ሳይ ግራ ገባኝ። ሲመሽ ልንፈራረቅ ስንል አንዱን ኪስ ከፈተና ወደ መዳፌ ገለበጠልኝ። የገብስና የሽምብራ ቆሎ ነው።

«ብላ። ማርታ ነው የቆላው» አለኝ። አማርኛ ሲናገር ሚስቱን ወይዘሮ ማርታን ወንድ ያደርጋታል፤ እሷም ትስቅበታለች። «ዝናር ባዶ ከሆነ ሆዱ የጎደለ ይመስላል። ሰው ያያል። እኔ ደግሞ ይርበኛል።»

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ማንገቻው በቀኝ ትከሻ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ጣት ከቃታ የራቀ። ሰው ሲቀርብ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ ከዚያ ፊሽካ። ጠመንጃው ከትከሻ አይወርድም።

«ሰው ላይ አነጣጥረህ ካየሁህ እኔ ራሴ በሰደፉ እልሃለሁ» ይለኝ ነበር።

«ባዶ አይደል እንዴ፣ ማንን ይጎዳል?»

«አንተን።»

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ገሱባ ገበያ ላይ ነው።

በገበያ ቀን ሁለታችንም የጭነት መኪናውን እናጅብ ነበር። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጠዋት ወጥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ እንጣደፋለን። የዚያን ዕለት መኪናችን ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበርና የሌላ ነጋዴ ጠባቂ ቦታው የኛ ነው ብሎ ከሾፌራችን ጋር ተጣላ። ክርክሩ ሲከር ላገላግል ጠጋ አልኩ። በዚህ መሀል ያረጀው ማንገቻ ተበጠሰ። ጠመንጃው እንዳይወድቅ ብዬ በሁለት እጄ ቀለብኩት።

ሰውየው ያየው የማንገቻውን መበጠስ አልነበረም። ከትከሻው አወረደብኝ ብሎ ነው ያሰበው። ወዲያው የራሱን አቀባብሎ ደረቴ ላይ ደገነ። የሱ ባዶ እንዳልነበረ ከፊቱ አውቄአለሁ። ሻጮቹ እንስራና ቅርጫታቸውን ጥለው ሸሹ።

«ባዶ ነው!» ብዬ ልጮህ ነበር። ብናገር ያምነኛል? ቢያምነኝስ ነገ በየትኛው ጠመንጃ መኪናውን አጅባለሁ? ጠመንጃውን ልጥለውም ፈራሁ፤ ብንቀሳቀስ ይተኩሳል።

ጋሽ ዳና ሁለት ባዶ እጆቹን ዘርግቶ መሀላችን ገባ። ጀርባው ለኔ፣ ደረቱ ለአፈሙዙ።

«ታ ናአው! ልጄ! ማንገቻ ነው፤ ማንገቻ ተቆረጠበት። እየው፣ ተንጠልጥሏል። ማንም አይነካህም፣ ልጄ።»

ሰውየው የተንጠለጠለውን ጠፍር ትክ ብሎ አየ። ከዚያ አፈሙዙ ቀስ በቀስ ወረደ። ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት እንደኔው ልጆች ያሉት፣ እንደኔው የነጋዴ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጋሽ ዳና ትከሻውን አቅፎ ወስዶ ሻይ ጋበዘው።

ስንመለስ ጋሽ ዳና ከዝናሩ ቆሎ ሊያወጣ ሞከረና አፈሰሰው። እኔ አውጥቼ አጎረስኩት። እያላመጠ፣ «ያ ሰው ክፉ አይደለም። ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው ይተኩሳል። ምን አስፈራው? የኛ ባዶ እንጨት» አለኝ።

«እንተወው እንግዲያ፣ ጋሽ ዳና።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንተ ተወው። እኔ ይህን ይዤ ስሄድ ዳና ጠባቂው ይሉኛል። ካስቀመጥኩት ሽማግሌው ነው የሚሉኝ» አለኝ። ይህን የመሰለ ኩሩ ሰው ነበር፤ እወደው ነበር። ለማንገቻውም አዲስ ጠፍር አሰፋሁለት።

ጋሽ ዳና ታሞ የተኛው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ስለ ሕመሙ አያወራም፤ ዝናሩ የት እንደተሰቀለ ይጠይቀኛል። ከጥበቃ ቤቱ ሚስማር ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም ስለው ደስ ይለዋል። ከሆስፒታሉ በሕይወት አልወጣም።

በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሟቹ በዘመኑ የያዘው ዕቃም አብሮ ይወጣል። ጦር የነበረው ጦሩ፣ ፈረስ የነበረው ፈረሱ። ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ይዞት እየሮጠ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ተኩሱን አትወድም፤ ቢሆንም ለጋሽ ዳና ታላቅ ወንድም ለአቶ ባሳ ይህን የሚነግራቸው አልተገኘም። ከአገራቸው ከቦምቤ ዘመድ አስከትለው መጥተው፣ «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያ ይዞ ኖሮ እንደ ዶሮ ዝም ተብሎ አይቀበርም!» አሉ።

አቶ ሀብቴ ጠመንጃውን ሰጡኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ውሰደው፤ ይገባዋል። ግን አደራህን ማርቆስ፣ ማንም እንዳይነካው።»

ዝናሩንም ከሚስማሩ አወረድኩ። ኪሶቹ እንደሞሉ ናቸው። ቆሎውን ላራግፈው አስቤ ነበር፤ ወይዘሮ ማርታ ቆልታለት እሱ ያልጨረሰውን ማራገፍ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ታጠቅሁት።

ሜዳው ላይ ጠመንጃውን ከፍ አድርጌ ከለቀስተኛው ፊት ሮጥኩ። እያለቀስኩ ነበር። «ተኩስ!» አለኝ አንዱ። አልሰማሁም አልኩ። «ተኩስ እንጂ!» አሉ ብዙዎች። ጎረምሶች ተኩሱን ሊቀርጹ ስልካቸውን አውጥተዋል። ቆሜ፣ «ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም» አልኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ከጎን ራሱን ነቅንቆ ደገፈኝ። ዳንኩ ስል አቶ ባሳ ከኋላዬ መጥተው ጠመንጃውን ነጠቁኝ።

አቀባበሉ፣ ወደ ሰማይ ደገኑ፣ ቃታውን ሳቡ። ቀጭ አለ። እንደገና ሞከሩ። ቀጭ። «ጥይት አምጣ!» ብለው ወገቤ ላይ ያለውን ዝናር ጎትተው ከፈቱት። ቆሎው ሣሩ ላይ ተበተነ።

ለቅሶው ቆመ። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ዋጠው። አቶ ባሳ ወንድማቸው በሕዝብ ፊት የተዋረደ መሰላቸው። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። የኖረበት ስም በአንድ ቀጭታ የሄደ መሰለኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ማርታ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ነጠላዋን ዘርግታ ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ቆሎውን መልቀም ጀመረች።

«የኔ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የቆላሁት። በየቀኑ የማሽገው እኔ ነኝ።»

አቶ ባሳ ከእግራቸው ሥር አዩዋት። «ታውቂ ነበር?»

«ዝናሩን የምሞላው እኔ እንዴት አላውቅም? እሱ የደበቀኝ ይመስለው ነበር፤ እኔም ያላወቅሁ መስዬ እኖር ነበር።» ዓይኖቿን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሲሄድ በሩን ዘግቼ እጸልይ ነበር። ሌላዋ ሚስት፣ ፆሳው፣ አምላኬ፣ ሌባ ይፍራው ብላ ትጸልያለች። እኔ ግን፣ ፆሳው፣ ማንም ሰው ዳናን አይፍራው እል ነበር። እውነት መስሎት የፈራው ሰው ይገድልብኛል። ይኸው ሰምቶኛል። በአልጋው ላይ ሞተ፤ ማንም አልገደለብኝም። ምን አነሰው?»

አንድ ጭብጥ ቆሎ አንሥታ ለአቶ ባሳ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ሰውዬ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አስተኝተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ቆሎውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ለኔም ሰጠችኝ፣ ከጎኔ ለነበሩትም። ስልክ ያወጡት ወጣቶች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ያን የመሰለ ለቅሶ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በማግስቱ ጠመንጃውን ለአቶ ሀብቴ አስረከብኩ። ነገሩ ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ነበር፤ የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ «ማርቆስ፣ ቆሎ አለህ?» ይሉኝ ጀምረዋል።

«ጥይት ልግዛልህ እንግዲህ?» አሉኝ አቶ ሀብቴ እያመነቱ።

«አይግዙ። እኔም ሰው መግደል አልፈልግም። ግን ባዶውንም አልይዝም።»

«ታዲያ በምን ትጠብቃለህ?»

«አጥሩ ላይ መብራት ያስገቡ። በሩን ያጠናክሩልኝ። ፊሽካ አለኝ። ጎረቤቶቹን ደግሞ ቡና እየጠጣሁ እተዋወቃቸዋለሁ።»

«ሰው እንዳይሞት ብዬ ነበር ጥይት የከለከልኳችሁ» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ አቶ ሀብቴ። ጋሽ ዳናም ያውቅ ነበር።»

አቶ ሀብቴ ጠመንጃውን በሕጋዊ መንገድ ለመንግሥት አስረክበው ከእጃቸው አወጡት። እኔ ጡረታ እስክወጣ በዱላና በፊሽካ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ አጥር የዘለለ ሌባ መጣ፤ ፊሽካውን ነፋሁ፤ ጎረቤት ወጣ፤ ሌባው አንድ ጆንያ ጥሎ ሮጠ። ማንም አልተጎዳም። ዝናሩ ወይዘሮ ማርታ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። በዓል ሲሆን ልጠይቃት ስሄድ አንዱን ኪስ ከፍታ ቆሎ ትዘግንልኛለች፤ ሁልጊዜ ትኩስ ነው።

አሁን በየድርጅቱ የተቀጠሩ ወጣት ጠባቂዎች ይጠይቁኛል፤ ባዶም ቢሆን ይዞ መታየት አይሻልም ወይ ይሉኛል። የምነግራቸው ይህንን ነው። ባዶ ጠመንጃ ስትይዝ የሚያምንህ ሰው ቀድሞህ ይተኩሳል፤ የማያምንህ ይስቅብሃል። ቤትህ ያለችው ደግሞ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ እስክትመለስም እንቅልፍ የላትም።