ቡሬ ድረስ ሄዳ የደበቀችው ሕመም

ዛሬ አንዲት የጅጋ ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ፍኖተ ሰላም ካለው የኮምፒውተር ሱቄ ገባች። «ጋሼ፣ ስሜን ከሰው ስልክ ላይ ያጥፉልኝ» አለችኝ።

የሚያውቃት እንዳያያት ቡሬ ድረስ እየሄደች ነበር በአንድ ክሊኒክ የምትታከመው።

የዚያን ክሊኒክ መዝገብ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ እንዳስቀምጥ ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ከክሊኒኩ ኮምፒውተሮች በቀር ማንም እንዳይደርስበት የግል ኔትወርክ ይሠራለት ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ የገበሬን ስም ማን ይፈልገዋል? ከቤቴም ሆኜ ልየው» ብሎ ለኢንተርኔት ክፍት አስደረገው። የቤቱን በር ግን በሁለት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። እኔም ሥራውን ትቼ ወጣሁ።

ሰሞኑን የታካሚዎቹ ስም ከነሕመማቸው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። የሷን ስም የፈለገው ጎረቤቷ ነው።

አንዴ የተሠራጨ እንደማይጠፋ ነገርኳት።

«ታዲያ መድኃኒቴን ከየት ልውሰድ?» አለችኝ።

በእናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ከሆነ ጻፉልኝ። የታማሚውን ስም ግን አትጥሩ።